የሐጂ ኑሩ ጋላክሲዎችና የፋጡማ ካሴት

ልጅ ሳለሁ... ቆዩ፣ መጀመሪያ ሳቄ ይውጣልኝ። ዋናውን ለመጨረሻ አስቀምጬዋለሁና ታገሡኝ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ሐጂ ኑሩ ደሴ ፒያሳ ላይ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ያኔ መብራት በየምሽቱ ይጠፋ ነበርና፣ መግሪብ ተሰግዶ ሱቁ ሲዘጋ፣ ፋኖስ ተለኩሶ፣ የማንደጃው ከሰል ቀልቶ፣ እኛ የቤቱ ልጆች በጣቃዎቹ መካከል ተሸጉጠን ተረት እንጠብቃለን። ሌላው ቤት ተረት ማለት ጅብና ጦጣ ነው፤ ሐጂ ግን በዓረብኛ ሬዲዮ የሰሙትን ነበር የሚያወሩልን።

አንድ ምሽት ስለ ሰማይ አወሩልን። ጭጋጉ የጦሳን ተራራ እንደሚሸፍንብን ሁሉ አየሩም ሰማዩን ያደበዝዝብናል አሉ፤ ስለዚህ አዋቂዎቹ ቴሌስኮፕ የሚሉትን ትልቅ መነጽር ከአየሩ በላይ ሰቀሉት። የመርፌ ቀዳዳ ወደምታህል ባዶ ጨለማ አዙረው ቀናት ሙሉ ቢያስፈጥጡት፣ እዚያች ጨለማ ውስጥ የከዋክብት መንጋ በመንጋ ላይ ተገኘ፤ አንዱ መንጋ ጋላክሲ ይባላል። ብርሃንም መንገደኛ ነው፣ የሩቆቹ ብርሃን የተነሣው ምድር ሳትፈጠር ነው፣ መንገዱ ሲረዝምበትም እንደዚህ ይቀላል አሉ ፍሙን እየቆሰቆሱ። ከመንገደኛ ያገኙትን መጽሔት ገልጠው ፎቶውን ሲያሳዩን፣ ሚስታቸው እማማ ዘሃራ ወደ ፋኖሱ ጎንበስ ብለው አዩና ብልጭልጭ የተዘራበት ጥቁር ሐር መሰላቸው፤ ይሄ ጣቃ ሲገባ ለፋጡማ ሰርግ ይቅደዱልኝ አሉ። ወላሂ፣ ሐጂ ራሳቸው ሳቃቸውን አልቻሉትም።

ፋጡማ ልጃቸው ናት፤ ለሥራ ጅዳ ሄዳለች። መጻፍ ስለማትችል ድምፅዋን በካሴት ቀድታ ከሚመጣ ሰው ትልክ ነበር። ያኔ የወሎ ናፍቆት በካሴት ነበር የሚመላለሰው።

ዒድ ካለፈ በኋላ አንድ ካሴት ደረሰ። ፋጡማ ትኩሳት ጥሏት፣ መነሣት አቅቷት፣ እያቃሰተች ዱዓ አድርጉልኝ ትላለች። እማማ ዘሃራ ጮኹ። ሐጂ እጃቸውን ይዘው፣

«ዘሃራ፣ ይሄ ድምፅ ከረመዳን በፊት የተነሣ ነው። የምትሰሚው የዛሬዋን ፋጡማ አይደለም» አሏቸው።

እሳቸውም እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ «ታዲያ የዛሬዋ የት አለች?» አሉ።

ሐጂ ፍሙን ቆሰቆሱ። የኮከቡ ነገር ያኔ ገባኝ፤ ብርሃኑ ደርሶን ኮከቡ ይኑር አይኑር የማይታወቀው ነገር። በማግሥቱ ቴሌ ሄደው ቢያስደውሉ የሚያነሣ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ተረትም ቀረ። እማማ ዘሃራ ያመለጠኝ ቃል ይኖር ይሆናል እያሉ ካሴቱን በየቀኑ ከቀትር በኋላ ካለው የአስር ሶላት ቀጥሎ ይከፍቱታል፤ እኛም ማቃሰቷን ሳይቀር በቃላችን ያዝነው።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። በቅርቡ የእህቴ ልጅ ከበፊቱ የሚበልጥ፣ መስተዋቱ ወርቅ የተቀባ ቴሌስኮፕ ያነሣውን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ፤ ዓለም ገና ጨቅላ ሳለች የነበሩ ጋላክሲዎች ናቸው፣ ፍም የመሰሉ ነጠብጣቦች። ላስረዳሽ ስትል እኔው አስረዳኋት፣ አፏን ከፍታ ቀረች። ደግሞም ስለ ሩቅ ሰው ክፉ ወሬ ሲመጣብኝ ከማልቀሴ በፊት መቼ እንደተነሣ እጠይቃለሁ። ይሄ ነው የቀረልኝ።

አሁን ወደ ዋናው። ካሴቱ በየቀኑ ይከፈት በነበረበት በዚያ ጊዜ፣ አንድ ጁምዓ ከአስር ሶላት በኋላ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጬ ሳለ፣ አንዲት ጥቁር ዓባያ የለበሰች ሴት ሻንጣዋን እየጎተተች መጣች። ፋጡማ! ከስታለች እንጂ በእግሯ ቆማለች። አገግማ፣ አሠሪዎቿ ሸኝተዋት፣ ኮምቦልቻ አድራ ነው የወጣችው። ልጮህ ስል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ ተያይዘን ገባን።

እማማ ዘሃራ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ጆሯቸውን ቴፑ ላይ ለጥፈዋል፤ የካሴቷ ፋጡማ ታቃስታለች። የቆመችው ፋጡማ ከኋላቸው ሆና፣ «እማዬ፣ እኔ ደኅና ነኝ» አለች።

እሳቸው ዞር እንኳ ሳይሉ እጃቸውን አወዛወዙባት፤

«እስቲ ዝም በይ አንቺ፣ የታመመች ልጄን ልስማት።»