ያለፉትን መኪኖች መቁጠር

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ሱሉልታ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት የእንጦጦን ቁልቁለት ስንጀምር የፊተኛውን ወንበር ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች። ውጭው ጉም ነበር፤ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ በመስኮት ይገባል። አልፈረድኩባትም። እኔም ብሆን ቁልቁለቱ ላይ ያለውን ትልቁን መታጠፊያ የማልፈው እስከ ዛሬ መዳፌን እያላበው ነው።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ነርስነት ልማር ስሜ ወጥቶ፣ ወረቀቴን ተቀብዬ ወደ ቤታችን ወደ ሱሉልታ ስመለስ ዝናብ ያዘን። የተሳፈርኩባት ሚኒባስ መታጠፊያው ላይ ተንሸራታ ተገለበጠች። እኔ ክንዴ ብቻ ተላጠ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ለልጃቸው ቅቤ አድርሰው የሚመለሱ ነበሩ፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ልጅቷ ሲያጫውቱኝ መጥተዋል። መኪናዋ ስትቆም ጠራኋቸው። አልመለሱልኝም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ መኪና ላይ አልወጣሁም። ትምህርት ቤቱ ቦታዬን አቆየልኝ፤ እኔ ግን መስከረም በመጣ ቁጥር አመመኝ እላለሁ። በገበያ ቀን ስለ አደጋ የሚወራውን ሁሉ ሰምቼ እይዛለሁ፤ ጫንጮ ላይ የተጋጨውን፣ ገላን ላይ ከባድ መኪና የገጨውን። ከጎረቤቶቻችን ግማሹ በየሳምንቱ አዲስ አበባ ደርሶ በሰላም እንደሚመለስ ግን ልብ ብዬ አላውቅም። እናቴም ከእኔ ብሳ ፈራች። የሰፈሩ አዋላጅ ናት፤ ምጥ ፊት የማትደነግጥ ሴት። ያን መንገድ ሲያነሱባት ግን ፊቷ ይለወጣል። ድንች ቀቅላ በሚጥሚጣ ስታቀርብልኝ፣ በዚያ ቀን የሰማችውን አደጋም አብራ ታቀርብልኛለች።

በሦስተኛው መስከረም ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ ካልመጣሽ ቦታሽ ለሌላ ይሰጣል አለኝ። ይህን የሰሙት ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ናቸው። በአይሱዙ ገለባ ጭነው በዚያው መታጠፊያ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ጠዋት «አካም ጅርታ» ብለው ሰላምታ ሰጥተው ገቡና እስከ መታጠፊያው በእግራችን ደርሰን እንምጣ አሉኝ። ቆሎ በኪሳቸው ይዘው ነበር። ዳገቱን ቀስ ብለን ወጥተን፣ ከመታጠፊያው በላይ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«አንቺ የወደቀውን ብቻ ነው የምትቆጥሪው» አሉኝ። «ዛሬ ያለፈውን ቁጠሪ።»

ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። ሚኒባስ፣ አውቶቡስ፣ የወተት መኪና። መቶ ስል ድምፄ ትንሽ ረጋ። እኩለ ቀን ሲሆን ጉሙ ወረደና ካፊያ ጀመረ። ያኔ አንድ የጭነት መኪና ከላይ መጥቶ ኋላው ወደ ገደሉ ተንሸራተተ። የኦቦ ገመቹን ጋቢ ጨምድጄ ያዝኩ። መኪናው እንደምንም ተስተካክሎ፣ መታጠፊያውን ዞሮ፣ ወደ ሱሉልታ ወረደ።

«አዩት?» አልኳቸው።

«አየሁት። አለፈ። ቁጠሪው።»

አፌ እምቢ አለኝ። እንደ ወደቀ አድርጌ ልይዘው ፈለግኩ፤ ወደ ቤት ይዤው ልሄድ፣ ለእናቴ ልነግራት። ሽማግሌው ቆሏቸውን ይቆረጥማሉ። ሌላ ሦስት መኪና አለፈ፤ እነሱንም አልቆጠርኩም። ዝናቡ አበሰበሰን።

«ሁለት መቶ አሥራ አራት» አልኩ በመጨረሻ።

በሳምንቱ ተሳፈርኩ። ድፍረት አልነበረም፤ ፌስታል ውስጥ አስታወክሁ፣ መታጠፊያውንም ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያለፍኩት። ግን ደረስኩ፤ ተመዘገብኩም። ይኸው ነርስ ሆኜ ጡረታዬ ተቃርቧል።

እናቴ ያን መንገድ ዳግመኛ አልረገጠችውም። ስመረቅም አልመጣችም። አንድ ጊዜ የጤና ጣቢያ ሰዎች የእጇን ሥራ አይተው፣ አዲስ አበባ ሦስት ወር ሠልጥነሽ ከእኛ ጋር ትሠሪያለሽ ብለዋት ነበር። ወገቤን ያመኛል አለቻቸው። ወገቧ ደህና ነበር። በሥራዬ ብዙ አዋላጆች አይቻለሁ፤ እንደ እሷ ያለ እጅ ያላቸው ግን ከሁለት አይበልጡም።

አሁን አርጅታለች። ስገባ ጉንጬን ሳትስም መንገዱ እንዴት ነበር ትለኛለች። ሰላም ነው እላታለሁ። አታምነኝም፤ ሰሞኑን የሰማችውን ቀስ ብላ ትነግረኛለች። አልቆጣትም፤ እኔም እንደ እሷ ልቀር ትንሽ ነበር የቀረኝ። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያን ጠዋት እሷንም ይዘናት መውጣት ነበረብን። እኔም ኦቦ ገመቹም አላሰብነውም።