የዶቅማው በኩራት

እናቴን ንግሥቴን አገሩ በሙሉ ስቆባታል። ዶቅማን በጓሮ የሚተክል ሰው ታይቶ ያውቃል እንዴ! ወንዝ ለወንዝ ተዙሮ የሚለቀም የዱር ፍሬ ነዋ። እሷ ግን ግትር ነበረች። ፍሬውን በልታ ዘሩን ወዲያው አፈር አለበሰችው፤ «የዶቅማ ዘር ከደረቀ ሞተ ማለት ነው» ትል ነበር። ችግኙን በጋውን ሙሉ ጥላ እየሠራችለት፣ ከምንጭ በእንስራ እያመጣች አሳደገችው። ጣሊያን ቡሬ ሲገባ ዛፉ ከጣራችን በላይ ሆኗል፤ ፍሬ ግን ገና አልያዘም።

ያኔ አባቴ ላቀው ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገባ። ባንዳ ሁሉ ይፈልገዋል። ከዚያ ወዲህ የእናቴ ጭንቅ አንድ ብቻ ሆነ፤ ባሏ እንዳይያዝባት። ተደብቆ ሲመጣ «መጣ» የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም፤ ለአበልጇ ለዓባይነሽ እንኳ።

ዓባይነሽ የእኔ የአደይ የክርስትና እናት ናት። ከእናቴ ጋር የማይካፈሉት ነገር አልነበረም። እንዳለው የሚባል ወንድሟ ቡሬ ምሽግ ውስጥ ታስሮባት ስታለቅስ፣ አብራት ያለቀሰችው እናቴ ነበረች።

በዚያ ዓመት ዶቅማው ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራ፤ ጠቆረ፣ በሰለ። በእኛ ዘንድ የጓሮ በኩራት የቤቱ ጌታ ሳይቀምሰው ከደጅ አይወጣም። እናቴ ፍሬውን ወፍ ሲጨርሰው እያየች ጠበቀች። አንድ ቀን ንጋት ላይ አባቴ መጣና ቀመሰ። «አይ ንግሥቴ፣ ዱሩን ቤት አስገባሽው እኮ!» ብሎ ሳቀ። ደክሞት ነበርና ጎታው ጀርባ ተኛ።

እናቴን ደስታው አቅሏን አሳታት መሰለኝ። ዶቅማውን ለቅማ፣ በሰፌድ አድርጋ፣ እንደ ወጉ በእኔ እጅ ለአበልጇ ላከች። ስለ አባቴ ትንፍሽ አላለችም። ምን መናገር ያስፈልጋል! በኩራቱ ከደጅ ከወጣ ጌታው ቀምሶታል፤ ከቀመሰም ቤት አለ። ይህን የማያውቅ ያገሬ ሰው የለም።

ዓባይነሽ ሰፌዱን ተቀብላ ፍሬውን በእጇ አገላበጠችው። ቆይታ «እሰይ! የቤቱን ጌታ ያቆይልን» ብላ መረቀች፤ ግንባሬንም ሳመችኝ። ያ ምርቃት ዛሬም ያንገበግበኛል።

ቀኑ ሳይጋመስ ሶላቶና ባንዳ ቤታችንን ከበቡት። አባቴን ከጎታው ጀርባ ጎትተው አውጥተው ደጃችን ላይ ገደሉት። የባንዳው አለቃ እናቴን «አበልጅሽን አመስግኚ፤ በኩራቱ ደርሷታል» አላት። በማግስቱ የዓባይነሽ ወንድም ከምሽጉ ተፈቶ ቤቱ ገባ። ወንድሟን በአባቴ ለወጠችው! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኸው ነው።

ጎረቤቶች እናቴን «ዛፉን ቁረጪው» ሲሏት፣ «ዶቅማው ምን በደለኝ? የከዳችኝ ሰው ናት!» ብላ ጮኸችባቸው።

ከዚያ እጄን ይዛ መምሬ ክንፈሚካኤል ዘንድ ሄደች። «አባቴ፣ ይህችን ሴት ከልጄ ይፍቱልኝ። ሌላ የክርስትና እናት ይስጧት» አለቻቸው።

እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው «ልጄ፣ ሰማንያ ይፈታል፤ ጥምቀት ግን አይፈታም» አሏት።

እናቴ እጄን ይዛ ተመለሰች። ደጃችን ስንደርስ ትከሻዬን ያዘችና፣ «ብትጠራሽ አቤት በያት። የክርስትና እናትሽ ናትና ጉልበቷን ሳሚ። እኔን ግን አበልጄ ብላ እንዳትጠራኝ ንገሪያት» አለችኝ።