በቀልድ ያሳጠርኩት ጥፍር

ዛሬ ማለዳ ጎረቤቴን ብርቱካንን የአባቷን ሞት አረዳናት። እኔ ግን ከትናንት ጀምሮ አውቅ ነበር።

አባቷ በሚኖሩበት በደብረ ኤልያስ ያረፉት ትናንት ከሰዓት ነው። ሽማግሌዎቹ "እስኪነጋ ማንም እንዳያሰማት። አንተ ቀልደኛው አጫውታት" አሉኝ።

ስፈልጋት እዚሁ ማርቆስ ከተማ፣ የእህቴ ልጅ ትዕግሥት የውበት ሳሎን ውስጥ አገኘኋት። ለጓደኛዋ ሠርግ ጥፍሯን አስረዝማ በኤሌክትሪክ ሞረድ ሹል እያስደረገች ነው። (ያቺን ማሽን ባየሁ ቁጥር ትዕግሥትን "ከጥርስ ሐኪም ሰርቀሽ ነው" እላታለሁ።)

ሹሉን ጥፍር ሳይ፣ በነጋታው ፊቷን ስትነጭበት ታየኝ።

"አንቺ፣ ይሄማ የጭልፊት ጥፍር ነው! ሙሽራው አይቶ ከሠርጉ ይጠፋል" አልኳት።

"ጋሼ ደግሞ! እርስዎ ስለ ጥፍር ምን ያውቃሉ?" ብላ ሳቀች።

"ትዕግሥት፣ ዓይኔን ሳትወጋኝ አሳጥሪላት፣ በሞቴ!"

ቃሉ ካፌ እንደወጣ ቶሎ ብዬ ሳቅሁበት።

"እሺ፣ ለእርስዎ ስል" አለች ብርቱካን። ትዕግሥት ጥፍሩ እንዳይግል ማሽኑን ነካ እያደረገች እያነሳች እስከ ጣቷ ጫፍ አወረደችው።

ዛሬ መርዶውን ስትሰማ ጮኻ ፊቷን ቧጠጠች። ጉንጯ ቀላ እንጂ አልደማም። ከዚያ እጇን አየች፤ ቀና ብላ እኔን አየች።

"ጋሼ፣ እያወቁ ነው ያሳቁኝ?"

አሁን ከቀብር ተመልሼ ይህን እጽፋለሁ። እናንተስ መርዶ በሆዳችሁ ይዛችሁ ሰው ያሳቃችሁበት ቀን ነበር? በኋላ ሲጠይቃችሁ ምን አላችሁት?