ያልተናገረችው በቀቀን

ቡራዩ ካለው ቤቴ አጥር ጀርባ የሚሠራ አንድ ወጣት አናጢ አለ። ባለፈው ሳምንት ከፈረሰ አሮጌ ቤት የገዛውን የዝግባ በር መላግ ሲጀምር፣ ከልጅነቴ ወዲህ ያልሸተተኝ ሰጋቱራ በመስኮቴ ገባ። ወጣ ብዬ ቆምኩ። «እንደምን አደሩ፣ እማማ!» አለኝ እንደ ልማዱ። እኔም እንደ ልማዴ ራሴን ብቻ ነቀነቅኩለት።

አባቴ ሰበታ፣ ከጫካው ግርጌ በነበረ የእንጨት መሰንጠቂያ ጸሐፊ ነበር። ቤታችን ከመሰንጠቂያው አጠገብ ስለነበረ እንጀራችን ሳይቀር ሰጋቱራ ሰጋቱራ ይል ነበር። ጠዋት ጠዋት፣ የትምህርት ቤቱ ደወል ሳይደወል፣ በቀቀኖቹ ከጫካው ወጥተው እየተንጫጩ በጣራችን ላይ ያልፉና ወንዙ ዳር ወዳሉት ሾላዎች ይወርዳሉ፤ ሲመሽ በዚያው መንገድ ይመለሳሉ። አረንጓዴ ስለሆኑ ዛፍ ላይ ሲያርፉ ቅጠሉ የዋጣቸው ይመስላል፤ የሚታየው እርድ የተቀባ የሚመስለው ቢጫ ግንባራቸው ብቻ ነው። የዝግባን ፍሬ ሲበሉ ሥጋውን ጥለው ውስጡን ይፈለፍላሉ፤ ልጣጩ እንደ ዝናብ ስለሚወርድ እኛ ተማሪዎቹ ከሥር ስናልፍ ደብተራችንን ራሳችን ላይ እንደፋ ነበር። ጎጆ አይሠሩም። ቅርንጫፉ ተገንጥሎ የተቦረቦረ ያረጀ ዛፍ ፈልገው እዚያ ውስጥ ይፈለፍላሉ። መሰንጠቂያውም የሚፈልገው ያንኑ ያረጀ ዛፍ ነበር።

አንድ ቀን ትልቅ ዝግባ ሲወድቅ፣ ከቆራጮቹ አንዱ ኦቦ ቶላ አንዲት በቀቀን በጋቢው ጠቅልሎ ይዞልን መጣ። አንድ ክንፏ ተሰብሮ ነበር፤ የእሱም አውራ ጣት ይደማ ነበር።

«ጸሐፊ፣ ይቺ ቤቷ ፈርሶባታል» አለ ጣቱን እየመጠጠ። «ለልጅቷ መጫወቻ ትሁን። ከጣቷ የሚተርፍ ካለ!»

በዚያ ዓመት ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። በሰፈራችን ከዚያ በላይ የሚያስተምር ስላልነበረ፣ ያለኝ ዕድል አዲስ አበባ የሚገኝ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት መግባት ብቻ ነበር። ያ ካልሆነ ደግሞ ከጫንጮ የመጡ ሽማግሌዎች ለአንድ ነጋዴ ልጅ ጠይቀውኝ መልስ እየጠበቁ ነበር። ለትምህርት ቤቱ የትልቅ ሰው ቃል ያስፈልግ ነበር። አባቴ የሚያውቀው አንድ ትልቅ ሰው፣ ሱሉልታ ላይ ሰፊ ግቢ የነበራቸው ፊታውራሪ ነበሩ። ባዶ እጅ አይኬድም። በግ ደግሞ ሁሉም ይወስድላቸዋል። በቀቀን እንደ ሰው ትናገራለች ሲባል ሰምቷልና፣ አባቴ የምትናገር ወፍ ሊወስድላቸው ቆረጠ።

የሚናገሩት አብዛኞቹ ከጫጩትነታቸው በሰው እጅ ያደጉ መሆናቸውን ያወቅኩት በኋላ ነው። የእኛዋ በጫካው ጩኸት ያረጀች ነበረች። አባቴ ግን ከሥራ እንደተመለሰ ኮቱን ሳያወልቅ ከእንጨት እርብራብ በሠራላት ቀፎ ፊት ይቀመጥና «እንደምን አደሩ፣ ጌታዬ! እንደምን አደሩ፣ ጌታዬ!» ይላታል። ምላሷ እንዲፈታ ቃሪያ ሰጣት፤ ቃሪያውን ወደደችው።

«እኔን እንኳ እንዲህ አክብረው ሰላም ብለውኝ አያውቁም» ትለው ነበር እናቴ።

በቀቀኗ ድምፅ የምታወጣው መንጋው በጣራችን ላይ ሲያልፍ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ በጥፍሯ የቀፎውን እርብራብ ይዛ እስኪያልፉ ትጮኻለች። «አየሽ» ይለኛል አባቴ፣ «ድምፁስ አላት። የቀራት ቃሉ ነው።»

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ቀፎውን በእናቴ ነጠላ ሸፍነን ሱሉልታ ሄድን። ሜዳው ዛፍ አልነበረውም፤ ነፋሱ ነጠላውን ይገልበው ነበር። ፊታውራሪ ከእንግዶቻቸው ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ ነጠላውን ገለጠና እጅ ነስቶ «እንደምን አደሩ፣ ጌታዬ!» አላት። ዝም። ዝቅ ብሎ ደገመላት። ወፏ ጀርባዋን ሰጠችው። ሲደግም ሲደግም ወገቡ እየጎበጠ፣ ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ መጨረሻ ላይ የወፍ ድምፅ መሰለ። አንዱ እንግዳ ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ።

«ጸሐፊ» አሉ ፊታውራሪ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «በቀቀኑ አንተ ነህ እንዴ?»

በዚህ መሃል ሌሎች እንግዶች ደረሱ። ፊታውራሪ ወደ እነሱ ዞረው «አላመለጣችሁም» አሉና ለአባቴ «በል፣ ለእነሱም በልላቸው» አሉት። አባቴ አንዴ አየኝ። ከዚያ ቀና ሳይል ሰላምታውን ደገመው። እኔ ጫማዬን አየሁ፤ የሱሉልታ ጭቃ ይዞታል።

«ልጅቷን ትምህርት ሲከፈት ላካት» አሉት ስንወጣ። «ወፏንም መልሳት፤ እኛ ሰምተናል።»

በአውቶቡስ ቀፎውን ጉልበቱ ላይ እንዳቀፈ ሰበታ ደረስን። ስንወርድ መንጋው ወደ ጫካው እየተመለሰ ስለነበር በቀቀኗ ከነጠላው ሥር ጮኸች። «አሁን ትናገራለች» አለ። ስለዚያ ቀን ከአፉ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው።

አዳሪ ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ ከፊታውራሪ እንግዶች የአንዱ ልጅ ነበረች። አባቴ ዳቦ ቆሎ ይዞ ሊጠይቀኝ የመጣ እሑድ፣ ለጓደኞቿ እጅ እየነሳች «እንደምን አደሩ፣ ጌታዬ!» አለች። እሱም ሰማት። ከበሩ ሆኖ ባርኔጣውን አነሳልኝና ዳቦ ቆሎውን ለዘበኛው ሰጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ዳቦ ቆሎው በሾፌር እጅ ይመጣልኝ ጀመር፤ እኔም ለምን ቀረህ አላልኩትም። ለዕረፍት ስመለስ ቀፎው ውስጥ በበቀቀኗ ፈንታ ሽንኩርት ተቀምጦበት አገኘሁ። አባቴም ሰላምታ የሚሰጠው ባርኔጣውን በማንሳት ሆኖ ነበር፤ እስኪሞት ድረስ ለማንም «እንደምን አደሩ» ሲል አልሰማሁትም።

አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፤ ጡረታ እስክወጣ ቢሮ ሠራሁ። አምና ሰበታ ሄጄ ቤታችን በነበረበት ቦታ እስኪመሽ ቆሜ ነበር። ከላይ፣ ጫካው ውስጥ፣ በቀቀኖቹ ዛሬም አሉ ይላሉ። በእኔ ራስ ላይ ግን አንድም አላለፈም።

አናጢው በሩን ልጎ ጨርሷል። ዛሬ ጠዋትም «እንደምን አደሩ፣ እማማ!» አለኝ። ኩሩ አሮጊት ናት እያለ ሳይታዘበኝ አይቀርም። ራሴን ነቀነቅኩለት።