በሁለት በሮች መሃል የተባለ አዛን

ባለፈው ቅዳሜ ኑር ላፕቶፗን ታቅፋ ፍሮግታውን ሰፈር ያለው ቤቴ መጣች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የሚጻፍ የቤት ሥራ አስቸግሯት ነው። ሳምቡሳዋን እየገመጠች፣ በዚያው በቅባት ጣቷ ስክሪኑን እየነካካች፣ «አክስቴ፣ ስትሪንግ ኤን ኮፒ ሴፍ ነው ብለውናል። ታዲያ ፕሮግራሜ ለምን ክራሽ አድርጎ ይቆማል?» አለችኝ።

ሴፍ፣ አደጋ የለውም! ይቺን ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ሲ ላይ አንድ ስም የት እንዳለቀ የሚታወቀው መጨረሻው ላይ በምትቀመጥ ዜሮ ነው። ስትሪንግ ኤን ኮፒ የሚሉት ይህ የጽሑፍ መገልበጫ ትእዛዝ ሃያ ቦታ ከተሰጠው ከሃያ አያልፍም፤ እሰየው። ስሙ ሃያውን ጢም አድርጎ ከሞላው ግን ዜሮዋን አያስቀምጥም፣ «ቦታ አጣሁ» ብሎም አይናገርም። ከዚያ ያንን ስም የሚያነብ ሁሉ ማቆሚያ አጥቶ ይነጉዳል።

ይህን የተማርኩት ከአባቷ ጋር በር ተቆልፎብኝ ነው።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ በምትባል ከተማ ውስጥ በባጅ፣ በመታወቂያ ካርድ፣ የሚከፈቱ በሮች የምትሠራ ትንሽ ካምፓኒ ቀጥራኝ ነበር። የራሳችን መግቢያ ላይ ሁለት በሮች ነበሩ፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። አብዱረህማን መሐመድኑር የሚባል የወሎ ልጅ ቢሮውን ያጸዳ ነበር። አንድ የጥር ጠዋት አዲስ ባጅ እንደተሰጠው ስልኩ ጮኸ፤ ሚስቱ ሮቢንስዴል በሚባል ሌላ ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ምጥ ይዟታል። የእሱ መኪና በብርዱ አልነሳ ስላለች እኔ ላደርሰው አብረን ወጣን።

«እህቴ፣ ቶሎ በይ! የልጄ ጆሮ ላይ አዛን የምለው እኔ ነኝ» ይለኛል። አባት ለተወለደ ልጁ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ነው።

የውስጠኛው በር ከኋላችን ተዘጋ። አብዱ ባጁን ለውጭኛው አስነካ። ትንሿ ስክሪን ላይ ረጅም ስሙ መጣ፤ ከስሙ ቀጥሎ የማይነበብ ዝባዝንኬ ተግተለተለ፤ ከዚያ ሁሉም ድርቅ አለ፤ ሁለቱም በር አልከፈት አለ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ፕሮግራሙን ሲጽፍ እንዲህ ሃያውን ቦታ የሚሞላ ስም አልገጠመውም መሰለኝ።

አለቃዬ ኬቨን ከውስጠኛው በር መስታወት ማዶ፣ በሩን የያዘው ማግኔት እንዲለቅ ኤሌክትሪኩን ነቀለ፤ መጠባበቂያው ባትሪ ግን በሩን እንደያዘው ቀረ። የባትሪው ሳጥን ቁልፍ ደግሞ ጠፋ። ሙቀት የለ፣ ትንፋሻችን መስታወቱን ጉም አልብሶታል። እንድትሞቅ ቀድሜ ያስነሳኋት መኪናዬ ደጅ እየጨሰች ትታየናለች። አብዱ በሩን በትከሻው መታው፣ መታው፣ ከዚያ መሬት ቁጭ አለ። አንጀቴን በላው።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። የሚስቱ እህት ናት፤ ከኋላዋ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። «ሴት ናት! የት ደረስክ?»

ስልኩን ከአብዱ እጅ ነጠቅኩትና፣ «ስልኩን ሕፃኗ ጆሮ ላይ አድርጊላት!» አልኩ። «በል እንጂ አብዱ! ምን ትጠብቃለህ?»

ጀመረ። ድምፁ ተቆረጠ፣ እንደገና ጀመረ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ስልኩን አፉ ላይ ይዤለት አብሬው አለቀስኩ። ኬቨን እንኳ ፍለጋውን ትቶ ቆመ። ቁልፉ ተገኝቶ በሩ የተከፈተው አዛኑ ካለቀ ብዙ ቆይቶ ነው።

ኑርን አሁን፣ «ከሃያው ቦታ አንዷን ባዶ አስቀሪ፣ ዜሮዋን እዚያ ራስሽ አስቀምጪ፤ በማንም አትተማመኚ» አልኳት። አደረገችው፤ ሠራላት። ከዚያ ዓመታት ሙሉ የሚከነክነኝ ነገር ከአፌ አመለጠ፦ «አባትሽ ያን ቀን ሳይደርስ ቀረ።»

ሳምቡሳዋን አስቀመጠች። «ኖ፣ አክስቴ። ባባ ደርሻለሁ ነው የሚለው። እማዬ እንኳ ስሜን ሳትጠራ የእሱን ድምፅ ነው የሰማሁት።»

ሻይ ልጣድ ብዬ ተነሳሁ፤ ፊቴን እንዳታየው።