የፓንክራትስ ባዶ ቦታ

ፎልክማር ግሬቨ የሚባለው ብሔርተኛ ፖለቲከኛ፣ ምርጫ ሲቃረብ የከተማችን የባምበርግ ልጅ ይሆናል። የተወለደውም ያደገውም ሃምቡርግ ነው፤ ቅድመ አያቱ ግን እኛ ሰፈር አትክልተኛ ነበሩ አሉ። በእኚሁ አንድ ቅድመ አያት መላውን ጀርመን ሊወርስ ያምረዋል። በየአደባባዩ "ደሜ ከሽንኩርት ረጋጮች ነው!" እያለ ይጮሃል። ሽንኩርት ረጋጭ የእኛ የአትክልተኞች ቅጽል ስም ነው፤ ሽንኩርቱ እንዲወፍር ቅጠሉን በእግራችን ስለምናስተኛው። እሱ ግን ከምንጣፍ ሌላ የረገጠው ነገር የለም።

ዕድሜያቸውን ሙሉ የረገጡትስ እትዬ ኩኒጉንዳ ዲፖልድ ናቸው። ባላቸው ፓንክራትስ በቅዱስ ቁርባን በዓል የቅዱስ ሰባስትያንን ከባድ ምስል በትከሻችን ተሸክመን ከተማውን ከምንዞረው አንዱ ነበር። በክረምቱ ሞተ። ከእኛ አንዱ ሲሞት፣ በሚቀጥለው ዑደት ቦታው ባዶ ይሄዳል፤ ክብደቱን የቀረነው እንካፈለዋለን። ለሟች ከዚህ የበለጠ ሐውልት አናውቅም።

ግሬቨ ያንን ቦታ ለፎቶ ፈለገው። ባለሥልጣን ሲያይ ጎንበስ ቀና የሚለው የተሸካሚዎች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ሎሬንትስ እትዬ ቤት ሄደ።

"እትዬ፣ ትልቅ ሰው እኮ ነው! ለከተማችን ክብር ነው።"

"ፓንክራትስ ትንሽ ሰው ነበር?"

"ኧረ እንደሱ አላልኩም! ባዶ ከሚሆን ብዬ ነው እንጂ..."

"ባዶ አይደለም፣ የሱ ነው። በል ሂድ፣ ሾርባህ ይቀዘቅዛል።"

ሎሬንትስ ግን አስቀድሞ ለግሬቨ ቃል ገብቶ ኖሯል። በበዓሉ ጠዋት ሰውየው ፎቶ አንሺዎቹን አስከትሎ፣ የመደብር ሽታው ያልለቀቀው ጥቁር ካፖርት ለብሶ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደረሰ። ቦታው ተይዟል። እትዬ ኩኒጉንዳ የባላቸውን ነጭ የተሸካሚ ጓንት አጥልቀው ቆመዋል።

"ይቅርታ እመቤቴ፣ እዚህ የምቆመው እኔ ነኝ።"

"ቅድመ አያትህም ካሜራ አስከትለው ነበር የሚሸከሙት፣ ልጄ?"

"እኔ የዚህ አፈር ልጅ ነኝ!"

"እንግዲያ ከኋላ ተሰለፍ፤ የአፈሩ ልጆች በሙሉ እዚያ ናቸው።"

ሳቃችንን ዋጥን። ሎሬንትስ ሊናገር አፉን ሲከፍት አዛዣችን ባልታሳር "አንሱ!" አለ፤ አነሳን። እትዬ አጭር ናቸውና የመሸከሚያው እንጨት ከራሳቸው በላይ ሄደ። እጃቸውን ሰቅለው በጣታቸው ጫፍ ያዙት፤ የፓንክራትስን ክብደት እኛ ተካፈልነው።

ግሬቨ ከመጀመሪያው መታጠፊያ በኋላ አልታየም፤ ካፖርቱ ሞቆት ይሆናል። እኛ ትከሻችን እየተላጠ ከተማችንን ዞረን ጨረስን፤ እትዬም እጃቸውን አንዴም አላወረዱም።