አጎቴ በወንዛዬ፣ ሌባው በወረታ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ሩዝ በሚሰጣበት ሰሞን ነው። ከትዝታዎቼ ሁሉ እንደዚህ የሚያስቀኝ የለም።

እኔ ወረታ ውስጥ የደኅንነት ካሜራ እገጥማለሁ። አጎቴ የሩዝ መፈልፈያ አላቸው። ግቢው ውስጥ የሚሰጣው ሩዝ በየቀኑ ቀትር ላይ ሲጎድልባቸው፣ አሮጌው አናሎግ ካሜራ የቀዳውን አዩ። የሚታየው ስጡ ላይ ያጎነበሰ፣ ነጭና ጥቁር ብዥታ ነው።

"ይኸው ጥቁር ካፖርቱ፣ ይኸው ጋቢው!" አሉ። ጥበቃውን አያ ሙጬን ማለታቸው ነበር።

አያ ሙጬ "በቀትርማ ከመጋዘኑ ኋላ ዳዊቴን ነው የምደግም" ብለው ቢምሉም ሰሚ አጡ። ስንት ዘመን የታመኑ ሽማግሌ በሌብነት ሊባረሩ ሆነ።

"ጋሼ፣ አናሎግ ርካሽ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይቀዳል። የእርስዎ ግን ሰውና ጆንያ አይለይም። አይፒ ካሜራ ልግጠም፤ ኔትወርክ ካለ ያሉበት ሆነው በስልክ ጥርት አድርገው ያያሉ፣ ይናገሩበታልም" አልኳቸው።

እያጉረመረሙ እሺ አሉ። ለሙከራ ብዬ ስጡ አጠገብ አጥሩ ላይ ዝቅ አድርጌ አሰርኩት።

በማግስቱ ወገባቸውን ሲያማቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ ወሰድኳቸው። እሳቸው እስከ አንገታቸው ውኃ ውስጥ ናቸው፣ እኔ ዳር ላይ ስልክ ይዣለሁ። ቀትር ላይ ስልኩ ጮኸ፤ ካሜራው ስጡ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር አይቶ ኖሯል። ብከፍተው የራሳቸው ላም ቡሬ የጓሮውን በር ገፍታ ገብታ፣ ስጡ ላይ አጎንብሳ ሩዙን ታነሳዋለች። ነጭና ጥቁር!

አጎቴ "ቡሬ! አንቺ ቡሬ!" ብለው በስልኩ አንባረቁ። ተሳሳቱ። በየጠዋቱ ስሟን ጠርተው በእጃቸው ጨው የሚያልሷት እሳቸው ናቸውና፣ ቡሬ ጆሮዋን አቁማ፣ ጨው ፍለጋ እየሮጠች መጥታ ካሜራውን ትልስ ጀመር። ስልኩ ምላስ በምላስ ሆነ። የሚታጠበው ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ምላሱ ዘወር ሲል አያ ሙጬ ዳዊታቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ግራ ቀኙን እያዩ "ጌታዬ፣ የት ነዎት?" አሉ።

አጎቴ ሳቃቸው ቆመ። "ወንዛዬ ነኝ፣ ሙጬ። የገዛ ላሜ ስትበላኝ ያንተን ስም አጠፋሁ። ስለ እግዜር ይቅር በለኝ።"

አያ ሙጬ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለአጥሩ እጅ ነሱ። "ይቅር ለእግዜር። ቡሬንስ ላባራት ወይስ እሷም እንደኔ ትማል?"

ውኃው ውስጥ እንደገና ሳቅ ሆነ። አጎቴ ግን ፊታቸውን ደጋግመው ታጠቡ።

ዛሬ ደንበኛ "የትኛው ይሻላል?" ሲለኝ ደስ እያለኝ እመልሳለሁ፦ ከብት ለመጠበቅ አናሎጉም ይበቃል፤ ሰው ልትጠረጥርበት ከሆነ ግን ጥርት የሚያደርገውን ግዛ።